ጠፍጣፋዋ ጠዋት አትነሳም

ሐሙስ ጠዋት ሚናስ ወፍጮ ቤት ድረስ ሲመጣ ደርቤ ጆሮውን ከሞተሩ አላነሳም ነበር። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ይህን አኳኋኑን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም። ወፍጮውንም፣ የጭነት መኪናውንም፣ የውሃ ፓምፑንም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠገነው በዚሁ መንገድ ነው። የሙያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ያስተማረው ዝም ብሎ መስማት ነው።

«ጋሼ ደርቤ» አለ ሚናስ በሩ ላይ ቆሞ፤ «ጠፍጣፋዋ አልነሳ አለች።»

ደርቤ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ማክሰኞ እኔ ደጃፍ እያጓራች አልፋ አልነበር እንዴ?»

«ማክሰኞማ ምን የመሰለች ነበረች! አጥቤ፣ ዘይት ቀይሬ፣ እስከ ገበያው ወስጄ መለስኳት። ትናንት ጠዋት ግን እምቢ። ዛሬም እምቢ። የማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ምንም የለም።»

«ሰርጉ እሁድ ነው አይደል?»

«እሁድ ነው እንጂ። ሰኞ ጾም ይገባል። እሁድ ካለፈን እስከ ፋሲካ ቁጭ ብለን መተያየት ነው።»

ደርቤ ካቻቢቴውን ጠረገና መሣሪያውን በከረጢት ያዘ። ለሌላ መኪና ቢሆን ኖሮ ወፍጮውን ሳይጨርስ አይነሳም ነበር። ጠፍጣፋዋ ግን ሌላ መኪና አይደለችም።

ባለሁለት በር፣ ቀይ፣ ጣሪያዋ የሰው ወገብ ላይ የሚደርስ የድሮ ስፖርት መኪና ናት። ስሙ የተረሳ፣ ዋልያ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው ከጎንደር እየነዳ ያመጣት። አገሩ ሲመለስ ለሾፌሩ፣ ለሚናስ አባት ለተክለ ማርያም ትቶለት ሄደ። የዚያን ጊዜው ድንጋያማ መንገድ ሆዷን እየፋቀ ስላስቸገራት ለዓመታት ከግቢ ሳትወጣ ኖረች። ነፍስ የዘራችው አስፋልቱ ደባርቅ ሲደርስ ነው። ኮፈኗ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ እንደ ዓሣ ስንጥብ የተከፈቱ ስድስት መተንፈሻዎች አሏት። ሕዝቡ «ጠፍጣፋዋ» ይላታል፤ ሌላ ስሟን የሚያውቅ የለም።

ደርቤ በሕይወቱ መጀመሪያ የከፈተው የቤንዚን ሞተር የእሷን ነው። ያኔ ወጣት ነበረ። ተክለ ማርያም እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ክፈተው ግዴለም» አለው። «እኔም አላውቅበት፣ አንተም አታውቅበት። ብታበላሸው እኩል እንሆናለን።»

ይኸው ተክለ ማርያም ሴት ልጁ ትሕትና ገና በጡት ሳለች ጀምሮ፣ «ልጄ ከዚህ ቤት ሙሽራ ሆና የምትወጣው በዚህች መኪና ነው» ይል ነበር። ባለፈው ዓመት ኅዳር አረፈ። ሙሽራውን፣ የዳባቱን መምህር ጥበብን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያየው ነው ያረፈው።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለዋል። ሴቶች ጓሮ ሽንኩርት ይልጣሉ። ጠፍጣፋዋ ከሚናስ ሚኒባስ ጎን ስትታይ እናቷ ሥር የተኛች ጥጃ ትመስላለች። ደርቤ እንደ ልማዱ በልቡ አማተበና ኮፈኑን አነሳ።

ከቀላሉ ጀመረ። ባትሪው ደህና ነው። ቤንዚኑን ሚናስ በጀሪካን ከሰው የገዛው ስለሆነ ጠረጠረውና በብርጭቆ ቀድቶ አጥሩ ላይ አስቀመጠው። እስኪረጋ ጠብቆ አየው፤ ውሃም ቆሻሻም የለበትም። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ነቀለ። ጠቁረዋል፣ ረጥበዋል፤ ቤንዚን ደርሷቸዋል፣ አልተቃጠለም። በሽቦ ብሩሽ ፈተጋቸው። ከዚያ ካርቡሬተሩን አወረደና ቀዳዳውን አንድ በአንድ እየነፋ አጸዳው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ የየካቲት ፀሐይ ሞተሩ ላይ ወርዳለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሁሉንም ቦታ ቦታው መለሰና፣ «በል ሞክራት» አለ።

ሚናስ ቁልፉን አዞረ። ባንድ ጊዜ ጓ! ብላ ተነሳች። ከጓሮ እልልታ መጣ።

«ካርቡሬተሩ ነው» አለ ደርቤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። በኋላ ሲያስበው አፈረበት እንጂ፣ በዚያች ሰዓት ልቡ ትንሽ ኮርቶ ነበር።

ወይዘሮ ሸጊቱ፣ የተክለ ማርያም ባለቤት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ወጡ። ቀጭን፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው። ሐዘናቸው ዓመት ቢያልፈውም ጥቁራቸውን ያወለቁት በዚሁ ሳምንት ነው።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ደርቤ» አሉ። ወደ መኪናዋ ጠጋ ብለው ጣሪያዋን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት። «እኔ እኮ ደንግጬ ነበር። ሳያየው ነው የምድራት። የሱ መኪና እምቢ ስትል፣ ተክለ ማርያም ቅር ብሎት ይሆን አልኩ።»

«ኧረ እትዬ፣ ቆሻሻ ነበረባት።»

«ይሁና።»

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሚናስ ነው። «ጋሼ ደርቤ፣ ቆሻሻው ተመልሶ መጣ።»

ደርቤ ሲደርስ የግቢው ሣር ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ትንፋሽ ይታያል። ቁልፉን ራሱ አዞረው። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሞተሩ የተኛ ሰው ያህል እንኳ አልተነፈሰም፤ ጭራሽ የለም። «ብርድ ነው» አለ። ቢልም አላመነበትም፤ በባሰ ብርድ ስትነሳ ሰምቷታል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን እቃ ክዳን ከፍቶ እሳቱን የምትቆራርጠውን ፑንቲና አየ። ትንሽ ተቃጥላለች። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፤ ክፍተቷንም በምላጭ ለክቶ አስተካከለ። ቀኑ ሞቀ። ስምንት ሰዓት ላይ ሞከሯት፤ ተነሳች።

በዚህ ጊዜ እልልታ አልመጣም። ወይዘሮ ሸጊቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ከሰዓት በኋላ ብትነሳ ምን ይረባኛል?» አሉ። «ሙሽራ የሚወጣ ጠዋት ነው። ሦስት ጠዋት እምቢ ብላለች ደርቤ። እንዲህ አስቤያለሁ። እሁድ ጠዋት ከተነሳች የትሕትና አባት ፈቅዷል። ካልተነሳች አልፈቀደም። ለጥበብ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኬ ሰርጉ ይቅር እላለሁ።»

«እማዬ!» አለ ሚናስ።

«ዝም በል አንተ።»

«የነፍስ አባትሽ ቄስ መልከ ጼዴቅ ምን አሉሽ ታዲያ? በብረት ምልክት አይጠየቅም አላሉሽም?» አለ ሚናስ።

«አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።» ተነሥተው ገቡ።

ትሕትና በሩ ሥር ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በአንድ እጇ የሽንኩርት ቢላ ይዛለች። ወደ ደርቤ መጣችና ከመኪናዋ በር ጋር ተደግፋ ቆመች። ዳባት ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ሰው ሲያቃስት የማትደነግጥ ልጅ ናት። አሁን ግን ከንፈሯ ደርቋል።

«ጋሼ ደርቤ፣ አባቴ እዚህ ውስጥ ነው ያለው?»

«የለም ልጄ። አባትሽ እረፍት ላይ ነው።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ይጠየቃል?»

ደርቤ ካቻቢቴውን አገላበጠ።

«እኔ በእግሬም ዳባት እሄዳለሁ» አለች። «በሚኒባስም፣ በጭነትም። እናቴ ሳትመርቀኝ ግን ከዚህ በር አልወጣም። አውቃታለሁ፤ አፏን ሞልታ ካልመረቀችኝ ዕድሜ ልኬን እየተሰማኝ ነው የምኖረው። ስለዚህ ይህችን ነገር አስነሳልኝ።»

«በእግዚአብሔር ፈቃድ» አለ ደርቤ። ማምሻውን ከቤቱ ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥቶ ኮፈኑን ሸፈነው፤ በአሮጌ የወፍጮ ቺንጋም ጠፍሮ አሰረው። ብርዱም ሆነ ጤዛው እንዳይገባ ነው። ቋጠሮው ድርብ ነው፤ እሱ ሌላ አስተሳሰር አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ከሰርጉ ሠራተኛ ግማሹ መኪናዋን ከቦ ቆሟል። የሚናስ አጎት ወልደ ሩፋኤል፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከፊት ናቸው።

«መጣህ ሐኪሙ? በሽተኛዋ አደረች፤ አልተሻላትም።»

«ሞክራችኋት?»

«ሞከርናት። ሚናስ ቁልፉን ሲያዞር እኔ ውዳሴ ማርያም ጀምሬ ጨረስኩ።»

ሚናስ አልሳቀም። «ሦስት ቀን ሙሉ ካርቡሬተር አልክ፣ ፑንቲና አልክ፣ ብርድ አልክ። ሰው ስጠራ ጋሼ ደርቤ ያውቃል ብዬ ነው። ካላወቅህ አላውቅም በለኝ፣ ከጎንደር ሰው ላምጣ።»

«አላውቅም» አለ ደርቤ። «ገና ነው። ቆይ እስቲ።»

ብርድ ልብሱን ነካው። ደረቅ ነው። ከሰማይ የወረደ ጤዛ ቢሆን መጀመሪያ የሚረጥበው እሱ ነው። ቺንጋውን ሊፈታ ሲል እጁ ቆመ። ቋጠሮው የእሱ አይደለም። ሴቶች መቀነት እንደሚያስሩት ተሸምቅቆ በቀላሉ የሚፈታ ነው። ፈታው፣ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ከመተንፈሻዎቹ ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ኮፈኑን ከፈተ። «ሚናስ፣ ግባና እኔ በቃ እስክልህ አዙር። ሌሎቻችሁ እባካችሁ፣ ለአንድ አፍታ ዝም በሉልኝ።»

ዝም አሉለት። ሞተሪኖው ጮኸ። ደርቤ ዓይኑን ጨፍኖ ጩኸቱን አሳለፈና ከሥሩ ያለውን ፈለገ። ሐሙስም ዓርብም አላዳመጠም ነበር፤ አሁን ገባው። ሐሙስ እጁ ፈጥኖ ወደ መፍቻ ሄደ፤ ዓርብ ብርዱ ላይ አላከከ። ጆሮውን ያልተጠቀመባቸው ሁለት ቀናት። ከሞተሪኖው ጩኸት በታች ሌላ ድምፅ አለ፤ ጥሬ ጨው እሳት ላይ ሲወድቅ እንደሚለው ያለ፣ ጣጥ፣ ጣጥ፣ ጣጥ።

ጋቢውን አወለቀና ራሱንና ሞተሩን አንድ ላይ ተከናነበ።

«እግዚኦ!» አሉ ወልደ ሩፋኤል። «ባሕር ዛፍ እንቀጥፍልህ? ጉንፋን የያዘው አንተን ኖሯል!»

ሳቁ ሲፈነዳ ደርቤ ከጋቢው ሥር በጨለማው ውስጥ ያየውን እያየ ነበር። በእሳት ማከፋፈያው ክዳን ላይ ሰማያዊ ብልጭታ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ወደ ካንዴላዎቹ መሄድ ያለበት እሳት በእርጥቡ ክዳን ላይ እየሾለከ ወደ ብረቱ ይፈሳል። ካንዴላ ጋ የሚደርስ የለም።

«በቃ!» አለ። ጋቢውን ገለጠና ጣቱን በክዳኑ ላይ አሳለፈ። ጣቱ ላይ እርጥብ፣ ደቃቅ፣ ግራጫ ነገር ቀረ። አሸት አሸት አደረገው። የመንገድ አቧራ እዚህ አገር ቀይ ነው። ይህ አመድ የመሰለ፣ ልስልስ ያለ ነው። ጣቱ ከራሱ ቀድሞ አወቀው።

ባለፈው ክረምት ባለቤቱ አበባየሁ ራሷን እየዞራት ስትወድቅ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠበል አመላልሷታል። ከጠበሉ ቦታ የሚታደለውን እመት በውሃ በጥብጦ ማታ ማታ ግንባሯን የሚቀባት እሱ ነበር። ይህ እመት ነው።

ቀና ሲል ወይዘሮ ሸጊቱ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው እሱ ላይ ነው፤ ምንም የደበቁት ነገር ያለ አይመስልም። ደርቤ የሚናስን ሚኒባስ አስታወሰ። ሴትዮዋ ጎሕ ሲቀድ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ፣ በሃይላንድ የያዙትን ጠበል ልጃቸው ወደ ጎንደር ሳይወጣ መኪናው ላይ ይረጫሉ። ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኒባሱ ሞተር ከወንበር ሥር ስለሆነ ጠብታ አይደርሰውም፤ ማንም ልብ አላለውም። እንደ ግቢ መጥረግ የዘወትር ነገር ነው። ጠፍጣፋዋ ደግሞ ከጎኑ የቆመችው ማክሰኞ ከገበያ ስትመለስ ነው።

«አገኘኸው?» አለ ሚናስ።

ደርቤ የከበበውን ሃያ የሚያህል ሰው አየ። «ውሃ ገብቷል» አለ።

«ከየት?»

«እሱን እኔ አጣራለሁ።» ክዳኑን በጋቢው ጫፍ ውስጡንም ውጭውንም ወለወለ፤ ገመዶቹንም እንዲሁ። «አሁን አዙር።»

ቁልፉ ገና ከመነካቱ ተነሳች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ አመዳዩ ገና ሳይቀልጥ።

ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን አነሡ። «ጋቢ ነው ለካ ያነሳት!»

«እስከ ነገ ጠዋት ነው» አለ ሚናስ። ወይዘሮ ሸጊቱም ከበረንዳው፣ «የምንፈልጋትም ነገ ጠዋት ነው» ብለው ገቡ።

ደርቤ እጁን እስኪታጠብ ብዙ ቆየ። ዝም ብሎ ቢሄድስ? ኮፈኑ ሥር ላስቲክ ቢያለብስ፣ ጠበሉ ከላይ ይፈስሳል፣ መኪናዋም ትነሳለች፣ ማንም አይከፋም። ይህን ማድረግ ይችላል። ግን እኚህ ሴት ነገ የሞተውን ባላቸውን መልስ ከመኪና ይሰማሉ፤ መልሱን የሰጠው ግን በደርቤ እጅ የተቆረጠ ላስቲክ ይሆናል። ይህ ደስ አላለውም። ቢነግራቸውስ? ጠበሉ ነው እንቅፋቱ ሊላቸው ነው? «አቤቱ፣ ለአፌ ጠባቂ አኑር» አለ በልቡና ወደ ጓሮ ዞረ።

ወይዘሮ ሸጊቱ ብቻቸውን ጠላ እያጠለሉ ነበር።

«እትዬ፣ ጠበሉን ከኪዳነ ምሕረት ነው የሚያመጡት?»

«ከዚያው ነው። ለአበባየሁ ፈለግህ? አገረሸባት እንዴ?»

«ደህና ናት፣ ይመስገን። ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ላይ ረጭተዋል?»

«አንተ ሸፍነህብኝ ተቸገርኩ እንጂ! ፈትቼ፣ መልሼ አሰርኩልህ። ረቡዕ እፍኝ ያህል ነው የረጨሁት። እምቢ ስትል ጨመርኩ። ዛሬማ እመቱን ሁሉ በጥብጬ በመተንፈሻዎቹ አፈሰስኩላት፤ ልቧ ድረስ እንዲደርስ።»

«ደርሷል» አለ ደርቤ።

ማጥለያውን ይዘው ቀና አሉ።

እንዴት እንደሚጀምር ስላላወቀ ያየውን እንዳየው ነገራቸው። እሳቱ የት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ፣ ውሃው የት ላይ እንደሚጠልፈው፣ ፀሐይ ስትወጣ እየደረቀ ከሰዓት በኋላ ለምን እንደምትነሳ። «ሐሙስ ካርቡሬተሩን፣ ዓርብ ፑንቲናዋን አዳንኩ ብዬ ነበር። እኔ አይደለሁም፤ ፀሐይ ናት።»

ጠላው ከማጥለያው ጠብ ጠብ ይላል።

«እና የልጄን ሰርግ ላሰናክል የነበርኩት እኔ ነኝ?»

«አላወቁም፤ እኔም አላወቅኩም።»

«ጠበሉ አበላሻት ነው የምትለኝ ደርቤ? አንተ? ጾም የማትፈታ ሰው?»

«የለም እትዬ።» ደረቱ ኪስ ውስጥ ያለችውን ስልክ አወጣና አሳያቸው። «አበባየሁን ጠበል ሳስገባት መጀመሪያ የማደርገው ስልኳን ከኪሷ ማውጣት ነው። ስልኩ ርኩስ ሆኖ አይደለም፤ ጠበሉም ክፉ ሆኖ አይደለም። የምትጠመቀው እሷ ናት፤ ስልኩ ምን አለበት?»

ሴትዮዋ ስልኩን አዩት፣ እሱን አዩት። ከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ ተነሳ። «ያቺን መዓተኛ ስልክ ነበር ማጥመቅ።» ወዲያው ግን ፊታቸው ተመለሰ። «እሺ። ነገ አልረጭም። ትነሳለች።»

«ትነሳለች፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ።»

«እንዲህ ከሆነማ ምልክት አይደለችም ማለት ነው። ባልረጭ ትነሳለች፣ ብረጭ አትነሳም። የተክለ ማርያም ፈቃድ የለበትም።» ማጥለያውን አስቀመጡ። «ታዲያ ማንን ልጠይቅ? አርባ ዓመት ሙሉ እሱን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። በሬው ይሸጥ አይሸጥ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ። አሁን ትልቁ ነገር ሲመጣ ብቻዬን እሺ ልበል?»

ደርቤ ቆሞ ሰማቸው። እያለቀሱ አልነበረም፤ ድምፃቸው ግን ዘይት እንዳጣ ሞተር ደርቋል። «እትዬ፣ መኪናዋ ይህን አታውቅም» አለ። «እኔም አላውቅም። ልጅቱን ግን ትናንት ሰምቻታለሁ። በእግሬም እሄዳለሁ፣ እናቴ ሳትመርቀኝ ግን አልወጣም ነው ያለችኝ። አባቴ አላለችም።»

ወይዘሮ ሸጊቱ ማጥለያቸውን አነሡ። እሱም ሄደ።

እሁድ ጠዋት ጥበብ ከሚዜዎቹ ጋር በሁለት መኪና መጣ። ረጅም፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው፤ ጠፍጣፋዋን ሲያይ ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ከኋላ ነው የምቀመጠው?»

«እጠፍ ብትባል ትታጠፋለህ!» አሉት ወልደ ሩፋኤል። «እስከ ዳባት ጉልበትህን ለጆሮህ ታውሰዋለህ።»

ትሕትና ወጣች። ጎንደር ድረስ ሄዳ የተሠራችው ፀጉሯ እንደ ዘውድ ተቆልሏል። ሚናስ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ይዟል። እልልታው ግን አልተጀመረም። የእናትየውን ውል ግቢው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ የሚዜዎቹ መዝሙር እንኳ በራሱ ጊዜ ቀዘቀዘ። ሁሉም ኮፈኑን ያያል። ደርቤ ከፊት ጎማው አጠገብ ቆሟል።

ወይዘሮ ሸጊቱ ከበሩ ገቡ። ከኪዳን መመለሳቸው ነው። በእጃቸው ሃይላንዱ አለ፤ ሙሉ ነው። ቀጥ ብለው ወደ መኪናዋ ሲመጡ ደርቤ ወደ ኮፈኑ ጠጋ አለ። ከኮፈኑ ፊት ደረሱ። ቆሙ። መተንፈሻዎቹን አዩ፣ እሱን አዩ፣ አልፈው ሄዱ።

«አንተ ጥበብ፣ ዝቅ በል፤ አልደርስብህም» አሉ።

ጥበብ ተንበረከከ። ከራሱ ላይ አፈሰሱበት፤ በአዲሱ ሱፍ አንገት ወረደ። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እማዬ፣ ፀጉሬን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። እሷም ተንበረከከች። ያ ዘውድ የመሰለው ፀጉር ረጠበ፣ ተኛ። አንዲት ሚዜ ደረቷን ያዘች።

«አባታችሁ አላየውም» አሉ ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ «እኔ ግን አይቼዋለሁ። ወድጄዋለሁም። ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ። ኪዳነ ምሕረት ከፊት ከኋላችሁ ትሁን። መርቄያችኋለሁ።» ትሕትና እግራቸውን ያዘች። እናትየው አነሧትና ወደ ሚናስ ዞር አሉ። «አሁን አዙር። ከተነሳች በሷ ይሄዳሉ፤ ካልተነሳች ሚኒባስህን ታወጣለህ። ዕቃ ናት፤ ዕቃ ደግሞ ያስቸግራል።»

ሚናስ አዞረ። አንድ ጊዜ አጉረመረመች። ዝም። የግቢው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ወይዘሮ ሸጊቱ ግን የልጃቸውን እርጥብ ፀጉር በነጠላቸው ጫፍ እያደራረቁ ነበር፤ ቀና አላሉም። ሁለተኛ ሲያዞር ሞተሩ ያዘ፣ አጓራ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ተፋች። እልልታው ድንኳኑን ነቀነቀው። ደርቤ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። አራቱም ሲሊንደር ይመታሉ። ሦስተኛው ትንሽ ይዘገያል፤ ለዳባት አያንሳትም።

ጥበብ ታጥፎ ገባ። ትሕትና በመስኮቱ እጇን አወጣችና የደርቤን እጅ ጨበጠች። ጠፍጣፋዋ ከበሩ ወጣች፤ ሚዜዎቹም ተከትለው ሄዱ። ደርቤ ድምፅዋ ቁልቁለቱን ወርዶ ከመታጠፊያው ባሻገር እስኪጠፋ ድረስ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ሲዞር ወይዘሮ ሸጊቱ ከጀርባው ቆመዋል። ሃይላንዱን ወደ ብርሃን አንሥተው እያዩት ነው፤ ጥቂት ቀርቷል።

«ግማሹ ለአበባየሁ» አሉ። «ግማሹ ላንተ። ዝቅ በል።»

«እሺ እትዬ» አለ ደርቤ። «ትንሽ ይጠብቁኝ።» ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣና በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ተንበረከከ።